ዘጠኙ ደረቅ ቀናት

«ደመና! ኧረ አንቺ ደመና! ተጠርተሻል እኮ!»

ጓደኛዋ ሬዲዮ በክርኗ ጎሸም ስታደርጋት ልጅቷ ካለችበት ተመለሰች። ሰውነቷ መድረኩ ላይ፣ ከሦስቱ ወንበሮች መካከለኛው ላይ ተቀምጧል። ልቧ ግን በአዳራሹ ትልቅ መስኮት ወጥቶ፣ ጠርዙ እንደተባዘተ ጥጥ የሳሳ አንድ ደመና እየተከተለ ነበር። ከመድረኩ ሥር የሳይንስ መምህሩ ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

«ስምሽን ስጠራ ተነስተሽ ትመጫለሽ፣ ሽልማቱን ትቀበያለሽ፣ ትመለሻለሽ። ከሰማይ ወርደሻል ወይስ ትንሽ እንጠብቅሽ?»

«ወርጃለሁ፣ ቲቸር።»

«ነገ እንዲህ ብትፈዢ የአንቺንም የምቀበለው እኔ ነኝ» አለች ሬዲዮ። «ሁለት እጅ የተሰጠኝ ለምን ሆነና!»

ልምምድ ነበር። ትምህርት ቤቱ በዓመት አንድ ቀን አዲስ ነገር የፈጠሩ ሰዎችን ያከብራል፤ አንድ ሰው በኪነ ጥበብ፣ አንድ ሰው በሳይንስ፣ አንድ ሰው በሕዝብ አገልግሎት። የዘንድሮው የኪነ ጥበብ ወንበር የሬዲዮ ነው። ከአሮጌ ጋዜጣና ከሽቦ አሻንጉሊቶች ሠርታ፣ የአሥራ ሁለቱንም ድምፅ ብቻዋን እያወጣች ቴአትር አሳይታለች። ሬዲዮ የተባለችው ግን ከዚያም በፊት ነው። መዝጊያ ቁልፏን እስከ ዛሬ ያገኘ ሰው የለም።

የሕዝብ አገልግሎቱ ወንበር ባዶ ነው። ነገ የሚቀመጡበት እትዬ ፊሽካ ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ በር ልጆች መንገድ የሚያሻግሩት ሴት። ትንንሾቹ እየተበተኑ ሲያስቸግሯቸው፣ ረጅም ገመድ አምጥተው በየክንዱ ቋጠሮ ቋጠሩበት። አንድ ልጅ አንድ ቋጠሮ ይይዛል፤ ሠላሳው ልጅ እንደ አንድ ሰው ይሻገራል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከእሳቸው በፊት ያሰበው ግን አልነበረም። ለልምምድ ሲጠሩ «መንገዱን ማን ይይዝልኛል?» ብለው ቀሩ።

መካከለኛው ወንበር የደመና ነው። ይህን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንገቷ ወደ ላይ፣ ጆሮዋ ወዴትም። በቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ፣ በጡብ ተከቦ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ አንድ የወተት ቆርቆሮ አላት። ጠዋት ጠዋት ደወል ሳይደወል በብረቱ ደረጃ ትወጣለች። በሌሊት የዘነበውን በማስመሪያ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ውሃውን ትደፋለች። ከመድፋቷ በፊት ግን ትንሽ ትቆያለች፤ ቆርቆሮው ውስጥ ክብ ሰማይ አለ፣ በዚያ ሰማይ ላይ ደመና ያልፋል፣ እሷም አብራው ታልፋለች። ደብተሯ ሦስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ልክ፣ የለካው። ከጎኑ ደግሞ የዕለቱን ደመና በእርሳስ ትሥላለች። ሽፋኑ ላይ «የአንድ ዓመት ዝናብ፣ አንድ ቀን ሳይጎድል» ብላ ጽፋበታለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የአየር ጠባይ ባለሙያ ሥራዎቹን ለመዳኘት መጥተው ነበር። ደብተሩን ቀስ ብለው ሲገልጡ ቆዩና በዝናቡ ወር መሃል ላይ ደረሱ። ዘጠኝ ዜሮ ተከታትሎ ተጽፏል። ከጎኑ ዘጠኝ ባዶ ሰማይ፣ አንዲት ጭረት እንኳን የሌለባቸው ዘጠኝ አራት ማዕዘኖች።

«በእነዚህ ቀናት በእኛ ጣቢያ በኩል በየቀኑ ዘንቧል» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «በእናንተ በኩል ግን ጠብ አላለም። እንግዲህ ይሄ ኮረብታ ዝናቡን ይከለክለዋል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ከኮረብታው ሥር የውሃ መውረጃ ሊቆፈር ነው፤ ለሚቆፍሩት ሰዎች አሳያቸዋለሁ፤ ዝናብ ከሌለ ጠባቡ ይበቃቸዋል። ከሽልማቱ በኋላ ደብተሩን ልዋሰው።»

ያን ጊዜ የደመና ጆሮ ግሎ ነበር፤ እሷ ግን ከደስታ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ልምምዱ ሲያልቅ አትክልተኛው ሁለት የአበባ ማሰሮ በክንዳቸው አቅፈው ወደ መድረኩ መጡ። ተማሪው ሁሉ ጋሼ ጎማ ይላቸዋል፤ የውሃ ጎማ ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም፤ «አካፋ ብትሉኝስ ኖሮ?» ይላሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ ማሰሮውን እያስቀመጡ። «ዘጠኙ ቀን ዘጠኙ ቀን ሲባል እሰማለሁ። እኔ የለካሁልሽ ነው እንዴ?»

«ምን አሉኝ፣ ጋሼ?»

«አክስትሽ ወልዳ ከእናትሽ ጋር የሄዳችሁ ጊዜ ነዋ። አይ የዚያን ሰሞን ዝናብ! ያ ደረጃ ሁለት ጊዜ ሊጥለኝ ነበር፤ ፈጣሪ ነው ያተረፈኝ። በየማለዳው እየወጣሁ ደፍቼልሻለሁ። ‹ካልተደፋ የዛሬው ከነገው ይቀላቀላል› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«በምን ለኩት?» አለች ደመና።

«ማስመሪያሽን ይዘሽው ሄደሻል፤ እኔ ደግሞ ግምት አልወድም። ከመጥረጊያዬ አንዲት ስንጥር መዝዤ ውሃው ውስጥ እከታታለሁ፣ የራሰውን ያህል እቃ ቤቴ ግድግዳ ላይ በምስማር እጭራለሁ። በመጣሽ ቀን ነግሬሽ የለም እንዴ? ‹ግድግዳው ላይ አለልሽ› ስልሽ ‹እሺ ጋሼ› አልሽኝ።»

ብላለች። እርግጠኛ ናት። «እሺ ጋሼ»፣ «እሺ እማዬ»፣ «እሺ ቲቸር» ስትል የምትውል ልጅ ናት፤ ዓይኗ ላይ ደመና ካለ አፏ ብቻውን ነው የሚመልሰው።

ያቺ ቀን ትዝ አለቻት። በአሥረኛው ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቆርቆሮው ባዶ ነበር፤ ታጥቦ የተደፋ ብርጭቆ ይመስላል። እዚያ አልነበርኩም ብላ ዘጠኙን ቦታ መተው ትችል ነበር። ግን ሽፋኑ ላይ «አንድ ቀን ሳይጎድል» የሚለው አለ። ቆርቆሮው ባዶ ከሆነ አልዘነበም ማለት ነው አለች፤ ዘጠኝ ዜሮ ጻፈች፤ «የለካው» በሚለው ሥር ዘጠኝ ጊዜ የራሷን ስም ጻፈች። ስትወርድ የደረጃው ብረት ሥር ከእርጥበት የሚመጣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ አይታለች። አይታ አልፋዋለች።

እቃ ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ጋሼ ጎማ በሩን ሲከፍቱት የከሰዓት ፀሐይ ቀድማቸው ገባች። በአካፋውና በመጥረጊያው መካከል፣ ነጭ በተቀባው ግድግዳ ላይ፣ ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ትንሹ የጥፍር ያህል ነው፤ ትልቁ የመሃል ጣቷን ያህላል። ብርሃኑ በጎን ሲያገኛቸው እያንዳንዳቸው ጥላ አወጡ፤ ደመና ጠጋ ብላ አየች። ግድግዳው ላይ እየዘነበ ነበር። ድምፅ የሌለው፣ ለወራት ሳያባራ እዚያው የቆየ ዝናብ።

«ያምራል» አለች፣ ሳታስበው።

«ምኑ? ግድግዳዬን ነው ያበላሸሁት» አሉ ጋሼ ጎማ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ለሬዲዮ ነገረቻት።

«እና?» አለች ሬዲዮ። «ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ነን።»

«ጋሼ ጎማስ?»

«እሳቸው የሚያውቁት ግድግዳቸውን ነው። ደብተርሽን አላዩ። አታካብጂ ባክሽ! ዘጠኝ ዜሮ እኮ ነው፤ ሦስት መቶ ስንት ቀን ለክተሻል!»

«ግን የሚሸልሙኝ በዘጠኙ ነው።»

ሬዲዮ መንገድ ላይ ያለች ጠጠር በእግሯ መታች። «ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ መድረክ ላይ እንቀመጣለን ብለን አልነበር? ልብሳችንን እንኳን ተነጋግረን ነው ያሰፋነው። እኔ ብቻዬን ከእትዬ ፊሽካ ጋር ምን ልሁን? ሳወራ ፊሽካ ሊነፉብኝ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በእነደመና በር ላይ ሲለያዩ ሬዲዮ እንደ ወትሮዋ ወደ ኋላ ዞራ አላየቻትም።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰማያዊውን ቀሚስ አልብሳ በርጩማ ላይ አቆመቻትና ጫፉን ትለካ ጀመር። አምስት መርፌ ቁልፍ ከንፈሯ መሃል ይዛለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«እህም።»

«አንድ ሰው አልዘነበም ብሎ ቢጽፍ፣ ግን ዘንቦ ቢሆን፣ ያ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ባይሆን... ማለቴ ትንሽ ብቻ ሆን ብሎ ቢሆን...»

«እህም?»

ደመና ሁሉንም ነገረቻት፤ ቆርቆሮውን፣ ግድግዳውን፣ ኮረብታውን፣ ውሃ መውረጃውን። እናት መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ጨርቁ ላይ ሰካች። አምስተኛውን ስትሰካ ቀና አለች።

«ዘንቧል ወይስ አልዘነበም?»

«ዘንቧል።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ያዘነበው እሱ ነው። እሱ ያዘነበውን አልዘነበም ለማለት አንቺ ማን ነሽ?» ከዚያ የልጇን ፊት አየችና ድምፅዋ ለዘብ አለ። «የኔ እናት፣ እንዲህ ማለቴ ልቆጣሽ አይደለም። ለማን እንደምትነግሪ፣ እንዴት እንደምትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ። ደግሞ አታልቅሺ፤ ሰማያዊ ጨርቅ እንባ ያሳያል።»

«ሽልማቱ ቢቀርስ?»

«ቀሚሱ አይቀርም። ዙሪ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ ሳይሞላ አዳራሹ ደረሰች። ደብተሯ ለተመልካች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ የተከፈተው ዘጠኙ ባዶ ሰማይ ላይ ነው። አጠፈችና በብብቷ ይዛ ወደ እቃ ቤቱ ሄደች። ጋሼ ጎማ ጎማቸውን እየጠቀለሉ ነበር።

«ማስመሪያ ይዣለሁ፣ ጋሼ። ከየትኛው ነው የሚጀምረው?»

«ከበሩ በኩል። ግድግዳው ሲያልቅብኝ እንዳልቸገር ብዬ።»

ማስመሪያውን በመጀመሪያው ጭረት ላይ አስተኛች። አሥራ አራት ሚሊሜትር። የሳይንስ መምህሩ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አለ፤ የተሳሳተ ቁጥር አይጠፋም፣ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል፣ ሰው ሁለቱንም እንዲያይ። ዜሮዋን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከጎኗ አሥራ አራት ጻፈች። «የለካው» ሥር ያለውን የራሷን ስምም ሰረዘች።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ጎማ ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ የተሻለ ማን ያውቀኛል?»

«የምሬን ነው።»

ጋሼ ጎማ የያዙትን ጎማ መሬት አስቀመጡ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገሯት፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ረሱት ሰው። ጻፈችው። ከውጭ ድምፅ ማጉያ ሲሞከር ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።

ሁለተኛው ሠላሳ አንድ። ሦስተኛው ዘጠኝ። አራተኛው፣ ያ ረጅሙ፣ ስድሳ ሁለት። አምስተኛው ሃያ። ከአምስተኛው ቀጥሎ ግድግዳው የሰው መዳፍ ያህል ባዶ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሦስት ጭረት ይቀጥላል። ደመና ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«ጋሼ፣ ስምንት ብቻ ነው እኮ።»

«አዎ፣ ስድስተኛዋ የለችም። የዚያን ዕለት ነፋሱ ቆርቆሮውን ጥሎት አገኘሁት። ዘንቧል፤ ጣሪያው ራሱ ይመሰክራል። ግን ስንት? አላውቅም። የማላውቀውን ምን ብዬ ልጫር? ቦታዋን ተውኩላት።»

በዚያው ቅጽበት ሬዲዮ በሩን ገፍታ ገባች፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ እያለከለከች ነው። «ደብተርሽ ጠፋ ተብሎ ቲቸር ሊሞቱ ነው! እንዲሁ ሳስብ እዚህ ነሽ አልኩ።» የተሰረዙትን ቁጥሮች አየች። ግድግዳውን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው፤ አሻንጉሊት የምትሠራ ልጅ የሰው እጅ የሠራውን ነገር ስታይ ታውቃለች።

«ይሄን ጋሼ ናቸው የጫሩት?»

«እኔ ነኝ። ትከሱኝ ይሆን?» አሉ ጋሼ ጎማ።

ሬዲዮ ደመና አጠገብ ቁጢጥ አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ። ካስተካከልሽው አይቀር፣ አንድ ቀን አታጉድይ። በሃያና በሚቀጥለው መሃል ያለውን ቁጥር ውሰጂና ባዶዋን ሙዪያት። ማንም አይጎዳም። ሽፋንሽም ልክ ይሆናል። እንዲያውም ለዓመት ሙሉ ልኬት ራሱ ይሸልሙሻል፤ ነፍሴ፣ አብረን እንቀመጣለን!»

መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ደመና በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ ያንን ቀን ከነዝናቡ ልትሥለው ትችላለች። ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ከኮረብታው ጀርባ የሚወጣ ጥቁር ደመና፣ ከዚያ ጠብታዎቹ፣ ሃያ አምስት ሚሊሜትር የሚያህሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅበት የለም። እርሳሱ እጇ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ፊት ለፊቷ አለ፤ የቆሸሸ፣ ተራ፣ ምንም ያልተጫረበት ኖራ። ሰውዬው አንድ ምስማርና ሙሉ ግድግዳ ይዘው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ያንን ቦታ ትተውታል።

የስድስተኛውን ቀን ዜሮ በአንድ መስመር ሰረዘች። ከጎኗ ምንም አልጻፈችም። ሦስቱን ቀሪ ጭረቶች ለክታ ጨረሰችና ደብተሩን ገልብጣ ሽፋኑ ላይ «አንድ ቀን ሳይጎድል» የሚለውን እንደዚያው በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ወይኔ» አለች ሬዲዮ። ከዚያ ተነስታ የደመናን ቀሚስ ከጉልበቷ ላይ የነካውን ኖራ በእጇ አራገፈችላት። «ነይ በቃ። አፈር መስለሽ አትሂጂ።»

አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ፊሽካ በወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ፤ መንገዱን ለማን እንደተዉት እግዜር ይወቅ። የሳይንስ መምህሩ ደብተሩን በእጇ ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ቶሎ፣ ቶሎ!» ብለው ወደ መድረኩ ጠቆሟት። ሬዲዮ ደረጃውን ወጥታ በወንበሯ ተቀመጠች፤ ከእዚያ ሆና ቁልቁል ታያታለች። ጋሼ ጎማ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ያለ ጎማቸው ቆመዋል።

ደመና መድረኩ ሥር ደርሳ ቆመች። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈች። በመጀመሪያው ረድፍ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ የአየር ጠባይ ባለሙያዋ ተቀምጠዋል።

«ይቅርታ» አለች። የገዛ ድምፅዋ ከሩቅ አልመጣባትም፤ እዚያው ከጉሮሮዋ ነው የወጣው። «ሳይጠሩኝ በፊት አንድ ገጽ ላሳይዎት። ዘጠኙ ቀናት ደረቅ አልነበሩም።»

ባለሙያዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ልጅቷን አዩ፤ ደብተሩን አዩ፤ ጣቷ በመሃሉ ያለውን ገጽ ይዟል። ከዚያ ቦርሳቸውን ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አነሱላት።